ሦስት ቀን አይሙቱብኝ

«ጤናህ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ሰው ሁሉ አትመኑት። እኔ ስላችሁ እመኑኝ፤ ከእኔ የበለጠ ምስክር አታገኙም። አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ሳል፣ የዚያው ሽማግሌ ጉበት፣ የዚያው ሽማግሌ የእግር እብጠት እንዴት እንዳደረ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ እየተመላለስኩ ስጠይቅ፣ የሰፈሩ ሰው «እንዲህ ያለ ደግ ልጅ ምን ዓይነት እናት ወለደችው!» ይለኝ ነበር። እውነቱን የምናውቀው እኔና ፈጣሪዬ ብቻ ነን። እኔ የቸገረኝ የሽማግሌው ጤና አልነበረም… ድንኳን ነበር።

ቆይ፣ ቆይ፣ አትፍረዱብኝ። ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ዘመኑ ስድሳዎቹ ነው። ዱብቲ የጥጥ እርሻ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዛሬ ሰመራ የምትሏት፣ መሥሪያ ቤቱ የተደረደረባት፣ ባጃጁ የሚተራመስባት ከተማ ያኔ ጠጠርና ንፋስ ብቻ ነበረች። ዱብቲ ግን ጥጥ ነበራት፣ ቦይ ነበራት፣ ከወሎም ከሸዋም ከጎንደርም ለሥራ የመጣ ሕዝብ ነበራት። ሙቀትም ነበራት። ስለ ሙቀቱ ብዙ አላወራም፤ ከቧንቧ ውሃ ቀድቶ ለሻይ እሳት ላይ መጣድ እንጨት ማባከን ነው እንባባል ነበር፣ ይኸው በቂ ነው።

ወንደላጤ ሳለሁ ሙቀቱን ተላምጄው ነበር። ከዚያ አገባሁ። ባለቤቴ አስካለ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ማለት ሰው በቀትር ጋቢ ደርቦ ፀሐይ የሚፈልግበት አገር ነው፤ እኔ ጅሉ ደግሞ ሙሽራዬን ከዚያ አገር አንስቼ ያመጣኋት በሰኔ ነው። ከመኪና እንደወረደች ዞር ዞር ብላ አየችና የሚቃጠል ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም፣ አየሩ ነው አልኳት። እናቷ ለሙሽርነቷ የሰጧትን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ከሻንጣው ሳታወጣው ስድስት ወር አለፈ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ምሳ እየበላን ሳለን፣ ለፋሲካ ወደ እናቷ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ደስ ይላል፣ ሰላም በያቸው አልኩ። ጎረስኩ። እሷም ወጡን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣

«ስሄድ ሁለቱንም ሻንጣ ይዤ ነው የምሄደው» አለችኝ።

ያገባችሁ ታውቁታላችሁ። በአንድ ሻንጣ የሄደች ሚስት እናቷን ልትጠይቅ ነው የሄደችው። በሁለት ሻንጣ የሄደች ሚስትን ግን ለመመለስ ሽማግሌ መላክ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌዎቹም ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደው «ልጅቱ ሞቃት ነው አለች» ከመባል ሌላ የሚሰሙት ነገር አይኖርም። አስካለን እወዳት ነበር፣ አሁንም እወዳታለሁ፤ ያን ቀን ግን የማደርገው ጠፋኝና አፌ ያመጣልኝን ለፈለፍኩ። ይህ ቆላ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም አልኳት። አዋሽ አጠገብ አዲስ ብሔራዊ ፓርክ ተከፍቷል፣ ፏፏቴ አለው፣ ሳላ የሚባል ቀንዱ እንደ ጦር የቀና አውሬ ይጋልብበታል፣ ወንዙ ዳር ትልልቅ ዛፍ ሥር ሰው ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት ቦታ አለ፣ ሌሊቱም ብርድ ልብስ ያስለብሳል አልኳት። ጥጡ ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ጥር ላይ፣ ሦስት ቀን እወስድሻለሁ አልኳት።

«ብርድ ልብስ?» አለች። ከሰኔ ጀምሮ ዓይኗ እንደዚያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም።

«ብርድ ልብስ» አልኩ። ማልኩላትም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፓርኩን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የሰማሁት ከእርሻው ፈረንጅ መካኒክ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ሰንብቶበት መጥቶ ፎቶግራፍ አሳይቶኛል። በማግስቱ ሮጬ ሄድኩና ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅኩት። ምንም አያስፈልግም፣ ድንኳን ይዞ መሄድ ነው አለኝ። የእሱን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ከኋላ ጓሮ ወስዶ አሳየኝ። ፍየል በልቶታል። የቀረው ገመዱና ካስማው ነው።

እንግዲህ አስቡት… ዱብቲ ላይ ድንኳን ከየት ይመጣል? ሰፈሩን በሐሳቤ ዞርኩት። ያለው አንድ ድንኳን ብቻ ነው። ትልቅ፣ ሸራው ወፍራም፣ ሰማንያ ሰው የሚያስቀምጥ፣ በጎኑ ላይ በጥቁር ቀለም «የጥጥ ሰፈር የቀብር መረዳጃ እድር» ተብሎ የተጻፈበት። ቁልፉ ደግሞ የት ነበር መሰላችሁ? ኪሴ ውስጥ። የእድሩ ንብረት ያዥ እኔ ነበርኩ።

ሰይጣን ሹክ አላለኝም አልልም። ግን አንድ ሰው ቢሞትስ? ሬሳ ወጥቶ፣ ለቅሶተኛ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ድንኳኑ የት ሄደ ሲባል «ንብረት ያዡ ከሚስቱ ጋር ፏፏቴ ሊያይ ይዞት ሄደ» ተብሎ ቢመለስ እኔስ ዱብቲ ላይ ምን ፊት ይዤ እኖራለሁ? ስለዚህ በሕጉ ልሂድ ብዬ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ሐጂ ይማም ሄድኩ።

ሐጂ ይማም ወሎዬ ናቸው፤ ከሱቃቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገር ያስተዳድራሉ። እድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነበር፤ በዚያ ፀሐይ ለሁለት የሚከፈል ሰውም ሸራም አልነበረንም። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሻንጣዎቹን ጭምር። ጺማቸውን እየዳበሱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ በሦስቱ ቀን የማንም አጀል፣ የሞት ቀጠሮው፣ እንደማይደርስ ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«ማንም አልነገረኝም ሐጂ።»

«እንግዲያው የታመመውን ሰው ሂድና ጠይቅ። ታማሚው ከፈቀደልህ እኔ ምን አግብቶኝ።»

ዛሬ ሳስበው፣ ሰውየው በጨዋ ደንብ «አይሆንም» ማለታቸው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይገባው ነበር፤ አመስግኖ፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። እኔ ግን ጸሐፊ ነኝ! ጸሐፊ «ጠይቅ» ከተባለ ይጠይቃል፣ መዝግቦም ያስቀምጣል። ቢሮዬ ገባሁ፣ ወረቀት አሰመርኩ፣ ከላይ «የታመሙ አባላት» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሆኑ። አንደኛዋ ወባ የያዛቸው ሴትዮ ናቸው፤ ቤታቸው ስደርስ ተነስተው ልብስ እያጠቡ አገኘኋቸው፣ ሰረዝኳቸው። ሁለተኛው እግሩ የተሰበረ የትራክተር ነጂ ነው፤ እግር ተሰብሮ የሞተ ሰው አላውቅም፣ እሱንም ሰረዝኩት። የቀሩት ባሻ ወልደየስ ናቸው።

ባሻ የጥጥ መዳመጫው የድሮ ዘበኛ ናቸው፣ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ከተኙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በየዓመቱ «ባሻ ዘንድሮን አይዘልቁም» ይባላል። የድንኳኑ ገመድ የታደሰው እሳቸው ታስበው ነው፤ ጀበናዎቹም ሲገዙ እንዲሁ። ባሻ ግን ይሰነብታሉ። እኔ ታዲያ ለዚህ ሰው ምን ብዬ ልንገራቸው? «ባሻ፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ ቀጠሮ ይዘዋል?» ይባላል እንዴ? አልደፈርኩም። ይልቅስ በዓይኔ እየገመገምኩ ልወስን ብዬ መመላለሱን ተያያዝኩት።

ጠዋት ሾርባ ይዤ እገባለሁ፣ ማታ ሎሚ ይዤ እገባለሁ። ሳላቸውን እቆጥራለሁ። ትንሽ እንጀራ ሲቀምሱ ካየሁ ቤቴ እያፏጨሁ እገባና አስካለን «እንሄዳለን!» እላታለሁ። ያቃሰቱ ቀን ደግሞ ራት አልበላም። አስካለ ግራ ገብቷት ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ «ድንኳኑ እየተስተካከለ ነው» እላለሁ። የምን ድንኳን እንደሆነ አልነገርኳት። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ባሻ ሾርባውን ጠጥተው ጨርሰው ሳህኑን መለሱልኝና አፍጥጠው አዩኝ።

«ልጄ፣ አመጣጥህ የሐኪም አይደለም። ወራሽ ብዬ እንዳልጠረጥርህ ደግሞ ከዚህች አልጋ በቀር የለኝም። ምን ፈልገህ ነው?»

ውሸት አልመጣልኝም። ነገርኳቸው። ሚስቴን፣ ሙቀቱን፣ ፓርኩን፣ ድንኳኑን፣ ሐጂ ያሉኝን። መጨረሻ ላይ መሬት መሬት እያየሁ «እንግዲህ ባሻ… ሦስት ቀን ብቻ አይሙቱብኝ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በቃ፣ ሽማግሌውን ገደልኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳል መስሎኝ ውሃ ላቀብል ስል ለካ እየሳቁ ነው። ሳቁ፣ ሳሉ፣ ደግመው ሳቁ። እንባቸውን ጠረጉና፣

«አራት ዓመት ሙሉ ሰው እዚህ ገብቶ ፊቱን ቋጥሮ፣ መቼ ነው የሚሞቱት እያለ በዓይኑ ሲለካኝ ነው የኖርኩት። እንድኖርለት የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ፤ ለሦስት ቀንም ቢሆን» አሉኝ።

አፈርኩ። እጃቸውን ልስም ስጎነበስ ግን ገፋ አደረጉኝ፤ ለካ ወሬያቸውን አልጨረሱም።

«እፈቅዳለሁ። ግን ድንኳኑ ለእኔ ነው የተቀመጠው አይደል? እንግዲያው እኔም ካለበት ልኑር። እዚያ ብሞት ድንኳኑ ተተክሎ ይጠብቀኛል፣ ማንም አይቸገርም።»

እስቲ እናንተ መልሱላቸው። እኔ ሐጂ ጋ ሮጥኩና የሆነውን ነገርኳቸው፤ «ይህ ሰውዬ አብዷል» ይሉልኛል ብዬ ነበር። ሐጂ ግን አሰቡበት። ባሻ ከሄዱ፣ እዚያ ቢያርፉ፣ ማን ያስቀብራቸዋል? ዳኛው ሳይኖር እድር እድር ይሆናል ወይ? አይሆንም። ስለዚህ እሳቸውም ይሄዳሉ። ዳኛው ከሄደ ዕቃ የሚያወጡት ሴቶች መሄድ አለባቸው። ወባ የያዛቸው ሴትዮ ይህን ሰምተው፣ እኔም እኮ በሽተኛ ነኝ፣ ድንኳኑ በሌለበት ብሞትስ ብለው መጡ። እግሩ የተሰበረውም በምርኩዝ እያነከሰ መጣ። በሦስት ቀን ውስጥ እኔና አስካለ ሁለት ብቻ ሆነን ልንሄድበት ያሰብነው ሽርሽር አሥራ ዘጠኝ ሰው ሆነ። ሁለት ፍየል ተገዛ፤ አንዱን ሐጂ ያርዱታል፣ ሌላውን ክርስቲያኖቹ። ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት። ዓርብ ደግሞ ለእኛ ጾም ስለሆነ የሽሮ ሦስተኛ ድስት ተጨመረ። ፈረንጁ «ምንም አያስፈልግም፣ ድንኳን ብቻ» ያለኝን እያስታወስኩ ድስት ስቆጥር ዋልኩ።

አሁን የቀረው ለአስካለ መንገር ነው። ምሳ ላይ ነገርኳት፤ እንደዚያ ያለ ነገር ሁሉ በእኛ ቤት የሚነገረው ምሳ ላይ ነው። ድንኳኑ የእድሩ እንደሆነ፣ ባሻ እንደሚመጡ፣ ሐጂ፣ ሴቶቹ፣ ምርኩዙ፣ ፍየሎቹ… ስናገር ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«እኔን የጋበዝከኝ ለሽርሽር ነው ወይስ ለለቅሶ?» አለች።

«ለሽርሽር» አልኩ፤ ለራሴም አልተሰማኝም።

ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ስትወጣ ሁለቱን ሻንጣ ይዛ ነው የወጣችው፤ በሩ ጋ አስቀመጠቻቸው። እሄዳለሁ፣ እንዳትሰጋ አለችኝ። ለካ እሷ አስልታዋለች! ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ አለ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ግማሽ ቀን ነው። ፋሲካን ምን ያስጠብቃታል? እሑድ ስንመለስ እሷ አዋሽ ላይ ትወርዳለች። ይህንን ቁጣ ሳይኖርባት፣ ስለ ገበያ እንደምታወራ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ጥጥ በጫነ የእርሻው መኪና ተነሳን። አዲሱ መንገድ በገዋኔ በኩል ገና መከፈቱ ነው። ባሻን ጥጡ ላይ አስተኛናቸው፤ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልጋ አላገኘሁም እያሉ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ሄዱ። አስካለ ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ሻንጣዎቿን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። ገዋኔ ላይ ሻይ ስንጠጣ እንኳ አልወረደችም። እኔ ከላይ ፍየሎቹ መሀል ተቀምጬ የትዳሬን ዕድሜ በኪሎ ሜትር እቆጥር ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ፓርኩ ደረስን። ለካ ፈረንጁ አልዋሸም! ወንዙ አለ፣ ዛፎቹ አሉ፣ ፏፏቴው ከሩቅ ይሰማል፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል። ከመኪናው ስንወርድ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ድንኳኑን ስንተክል ግን ነገሩ ተበላሸ። እንዴት መሰላችሁ… ያ ሸራ ከቆመ በኋላ ማንም ሰው ሥሩ ገብቶ መሳቅ አልቻለም! ልማድ ሆኖብን ወንዱ በቀኝ፣ ሴቱ በግራ፣ ግድግዳውን ተከትለን ተደርድረን ተቀመጥን። ሁሉም አቀረቀረ። ሲወራ በሹክሹክታ ነው። አንዱ «ወይ ይህች ዓለም» አለ። ወባ የያዛቸው ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መነፍረቅ ጀመሩ፤ ምን ሆኑ ስንላቸው፣ ከዚህ ድንኳን ስገባ በራሱ ይመጣብኛል አሉ። ባሻ ደግሞ መሀል ላይ፣ ጭነንላቸው በመጣነው አልጋቸው ላይ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ተኝተዋል። አስካለ ጀርባዋን ሰጥታን ውጭ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

በዚህ መሀል የፓርኩ ዘበኛ መጣ። ካኪ የለበሰ የአፋር ጎልማሳ ነው፣ እንግዶቹን ሊያይ፣ አዞ ካለበት እንዳንዋኝ ሊነግረን። ከሩቅ ሲመጣ ፊቱ ፈገግታ ነበረው። ድንኳኑ ጋ ሲደርስ በጎኑ ያለውን ጽሑፍ አየ፤ ተደርድረን ማቀርቀራችንን አየ፤ ባሻን አየ። ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ።

«አላህ ያጽናችሁ። የሞተው ማነው?» አለ።

ማናችንም ሳንመልስ ባሻ ከአልጋቸው ላይ ቀና አሉና፣

«እኔ ነኝ፤ ግን ገና ነው። ግባና ቁጭ በል» አሉት።

ሰውየው የኋሊት ተራመደ። ያኔ ከውጭ አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ጦጣ መስሎኝ ነበር። አስካለ ናት፤ ሻንጣዋ ላይ ታጥፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ መተንፈስ እስኪያቅታት ትስቃለች። ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ባሻ ሰሟት፣ እሳቸውም ሳቁ። ሐጂ «አስተግፊሩላህ» እያሉ ሳቁ። ነጠላ ያዘቀዘቁትም ሴትዮ ነጠላቸውን አስተካክለው ሳቁ። ዘበኛው ብቻ ኮፍያውን እንደያዘ ይሳቅ ያልቅስ ግራ ገብቶት ቆመ።

አስካለ እንባዋን እየጠረገች ገባችና ትእዛዝ መስጠት ጀመረች። የድንኳኑን ግድግዳ በሙሉ ወደ ላይ አስጠቀለለችው፣ ጣራው ብቻ ቀረ። የተደረደረውን ሰው አስነስታ ሴቱንና ወንዱን ቀላቅላ አስቀመጠች። ዘበኛውን ሻይ አስይዛ ከባሻ ጎን አኖረችው። በማግስቱ ባሻን ከነአልጋቸው በስድስት ሰው አሸክማ ፏፏቴው የሚታይበት ድረስ አስወሰደቻቸው። ባሻ ያን ሁሉ ውሃ ሲወርድ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይህ እዚህ እያለ እኔ አራት ዓመት ግድግዳ ሳይ ከረምኩ» አሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጭ ብለው መብላት ጀመሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሳላዎቹ በሩቅ ሲያልፉ አስካለን ቀሰቀስኳት፤ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ተሸፍና ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው፣ ያምራሉ አለች፣ ተመልሳ ተሸፈነች። እኔ ግን ስለ እሑድ ልጠይቃት አልደፈርኩም።

እሑድ መጣ። መኪናው ጥጡን አራግፎ መጥቶ ጫነንና አዋሽ ከተማ ስንደርስ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ቆሞ ሰው ይጭናል። አስካለ ሾፌሩን አስቆመችው።

«ሻንጣዎቹን አውርድልኝ» አለችኝ።

በገዛ እጄ አወረድኳቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከባድ ዕቃ ተሸክሜአለሁ፤ የእነዚያን ያህል የከበደኝ የለም። ከላይ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያዩናል። አስካለ አንደኛውን መንገድ ዳር ከፈተችው፣ ብርድ ልብሱን አወጣች፣ በጎማው ላይ ወጥታ የባሻን ደረት ጠቀለለችበት፤ የመኪናው ነፋስ ለሳል አይሆንም አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣

«ምን ትገተራለህ? መልሰህ ጫናቸው እንጂ» አለች።

አውቶቡሱ ያለ እሷ ሄደ። እኔ አፌን ብከፍት ስለማለቅስ ዝም ብዬ ጫንኩ። ገዋኔ ላይ ለሻይ ስንወርድ አስካለ ሐጂ ጎን ተቀምጣ፣ እድሩ ላይ እንዲመዘግቧት ጠየቀቻቸው። ሐጂ ሳቁ፤ ባልሽ አባል ከሆነ አንቺም አለሽበት አሏት።

«እሱ ለራሱ ነው የገባው። እኔን በራሴ ስም ይጻፉኝ» አለች።

መዝገቡ እኔ ጋ ነበርና በገዛ እጄ ጻፍኳት። ሰው በአንድ አገር ቤት ሊሠራ ይችላል፣ ሱቅ ሊከፍት ይችላል፣ ሊሄድም ይችላል፤ እድር ሲመዘገብ ግን ለቀብሩ ቦታ መምረጡ ነው። አልሄደችብኝም!

እንግዲህ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ያን የምሳ ዕለት ሻንጣዎቹ በር ላይ ሲቀመጡ ደንግጬ፣ አዲስ አበባ ላለው የእርሻው ዋና መሥሪያ ቤት በድብቅ የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ ነበር። «በባለቤቴ ጤና ምክንያት» ብዬ። የባለቤቴ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ያን ሙቀት ከልቤ ጠልቼው ነበር፣ ማሳበቢያ ስላጣሁ ነው እንጂ። መጋቢት ላይ መልሱ መጣ፤ ተፈቅዶልሃል፣ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛውረሃል ይላል። ደብዳቤውን ይዤ በዚያ ፀሐይ ሮጥኩ። አስካለ ቤት የለችም። ባሻ ቤት ነው ያገኘኋት፤ ባሻ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፣ እሷና ሐጂ ለሚመጣው ጥር ፓርኩ የሚሄዱትን ሰዎች ስም ይጽፋሉ። አርባ ደርሰዋል።

ደብዳቤውን ሰጠኋት። አነበበችው። አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ። መቼ ትሄዳለህ?»

«እንዴት መቼ ትሄዳለህ? እንሄዳለን እንጂ!»

«እኔ እድርተኛ ነኝ፣ የት ነው የምሄደው?» አለችና እጇን ዘረጋች። «አንተ ከሄድክ ግን የድንኳኑን ቁልፍ ለእኔ አስረክበኝ።»

ቁልፉን አስረከብኳት፣ ደብዳቤውንም አልሄድም ብዬ ወደ መጣበት መለስኩ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ዱብቲ ኖርኩ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ፣ እንደ ውሻ እያለከለክሁ ምሳ ልበላ ቤት ስገባ፣ የደብረ ብርሃኗ ልጅ በሩን በሰፊው ከፍታ «ዛሬ እኮ ደስ የሚል አየር ነው» ትለኝ ነበር።